የጸዳው ሰማይ

ካሜራው ዛሬም ሰማዩን አጸዳላት።

ወይዘሮ ኤልዳና ማሳያውን ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠግታ አየች። ከቶሳ ተራራ ወዲያ ያሉት ሸንተረሮች በደንብ ወጥተዋል። ጀንበር የገባችበት ቦታ እንደ ፍም ቀልቷል፤ ቬነስም በስተግራ በኩል ጉልህ ብላ ትታያለች። ትንሽ ቀደም ሲል በባይኖኩላር ስታይ ግን ከቬነስ በስተቀኝ ዝቅ ብሎ አንዲት ግራጫ፣ ብዥ ያለች ነገር ነበረች። ፎቶው ላይ እዚያ ቦታ ምንም የለም። ልስልስ ያለ፣ የተወለወለ ሰማይ ብቻ። ከሥሩ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «አንድ እድፍ ተወግዷል። መልካም ምሽት ይሁንልዎ!»

«እድፍስ አንተ!» አለችው ካሜራውን።

ባሏ አቶ ናሆም ከኋላዋ በታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ ቆሎ ይቆረጥማል። «አሁን ደግሞ ምን አደረገሽ?»

«አጠፋት። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ከትናንት ወዲያው፣ ድምጥማጧን አጠፋው።»

«የማንን?»

«ናሆም!»

«እሺ፣ እሺ። የኮከቢቱን።» ናሆም ለወጉ ያህል ቀና ብሎ ወደ ምዕራብ ተመለከተ። ሁለቱንም ዓይኖቹን አሠርቶ ሌንስ ካስገባ ወዲህ በወጣትነቱ አይቶት የማያውቀውን ሰማይ ነው የሚያየው። ኮከቦቹ አንድ በአንድ ጥርት ብለው ይታዩታል፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር ስማቸው በትናንሽ ፊደል ተጽፏል፤ ያ ቀፋፊ የሳተላይት ሰልፍ ለሱ የለም። «ቬነስ አለች። ከሷ በላይ ሳተርን አለ። ሌላ የተጻፈ ነገር የለም፣ ኤልዱ።»

«የተጻፈ አላልኩህም። ያለ ነው ያልኩህ።»

ናሆም ቆሎውን ዘረጋላት። እሷም እየተነጫነጨች ዘገነች።

ኤልዳና ዕድሜ ልኳን ፋርማሲ ውስጥ ቆማ መድኃኒት ስታድል የኖረች ሴት ናት። እሷ ስትወለድ ስሟ የዘመኑ ስም ነበር፤ አሁን ግን አንድ ቢሮ ውስጥ «ኤልዳና» ተብሎ ሲጠራ ወጣቶቹ ለአሮጊት ወንበር ይለቃሉ። ሰማይ ማየትና ፎቶ ማንሳት የጀመረችው ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው። ጓደኞቿ አትክልት ተከሉ፣ መዝሙር ተማሩ፤ እሷ ባይኖኩላርና ካሜራ ገዛች። ሌሊቱን ቶሎ ተወችው። ከመሸ በኋላ ሰማዩ ላይ የሚተራመሰው ሳተላይት ከደሴ መናኸሪያ ስለማይተናነስ ከመሃሉ አንድ ኮከብ ለይቶ ማየት ራስ ያዞራል። ለሷ የቀራት ጀንበር ጠልቃ ሙሉ በሙሉ እስኪጨልም ያለችው ጊዜ ናት። በዚያች ሰዓት ቶሳ ላይ ትወጣለች። ብርድ ነው፣ ነፋስ ነው፤ ናሆም ብቻዋን አልተዋትም ብሎ አብሯት ይወጣና ሲያማርር ያመሻል።

ያቺን ብዥታ ያየቻት በኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። በማግስቱ ስትመለከት ቦታዋን ትንሽ ለውጣለች። ሳተላይት ብትሆን በቅጽበት አቋርጣ ባለፈች፤ ደመና ብትሆን በተበተነች። ኤልዳና ወዲያው ናሆምን ጠርታ ነበር። የዚያን ዕለትም «የተጻፈ ነገር የለም» ነበር ያላት።

ጠዋት ወደ ካሜራው ኩባንያ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ማሽን ድምፁ የሴት ነው፤ ለደሴ ደንበኛ እንዲመች የወሎ ቅላጼ ተደርጎለታል።

«እናት ዓለም፣ ደህና አደሩ? ፎቶዎ እንዳላስደሰተዎ ተረድቻለሁ።»

«ይሄን ማጽዳት የምትሉትን እንዴት ነው የማጠፋው?»

«ማጽዳት አይጠፋም፣ እናት ዓለም። ካሜራ ማለት እኮ ማጽዳት ነው።»

«ያጠፋው ነገር እድፍ አይደለም። ጅራታም ኮከብ ናት።»

«እንዴት ደስ ይላል! በሰማይ መዝገብ ያለውን ስሟን ይንገሩኝና አሁኑኑ አስተካክላለሁ።»

«ስም የላትም። አዲስ ናት። ገና ማንም አላያትም።»

«መዝገብ ላይ የሌለ ነገር እድፍ ይባላል፣ እናት ዓለም።»

«ታዲያ መዝገቡ ላይ እንዴት ትግባ?»

«በጣም ቀላል ነው። የተረጋገጠ ፎቶ መላክ ብቻ ነው።»

«የተረጋገጠ ፎቶ ምን ዓይነት ነው?»

«በሚያጸዳ ካሜራ የተነሳ።»

«አሁን ያልሽውን አንቺ ራስሽ ሰምተሽዋል?»

«ሁሌም እሰማዎታለሁ፣ እናት ዓለም። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው። ድምፁ እዚያው እንደተደፋ መልካም ቀን ተመኘላት።

ናሆም ከወጥ ቤት በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ሊያስቀይማት አልፈለገም፤ ለዚያም ነው ቃል ሲመርጥ የቆየው። «ኤልዱ፣ እንደው ሳስበው… ግራ ዓይንሽ ላይ ሞራ ካለ ቆይቷል።»

«አውቃለሁ።»

«ሞራ ደግሞ ብዥ ያደርጋል።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ግራጫ ነገር ነው የሚያሳየው፤ እኔም ከመሠራቴ በፊት…»

«ናሆም፣ በአምላክ ስም፣ ሂድና ሻይህን ጠጣ።»

ሆኖም ሐኪም ቤት መሄዷ አልቀረም። ናሆም ቀጠሮ አስይዞ ነበር። ፒያሳ ባለው የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ዶክተር ሚልክያስ የሚባል ለስላሳ አንደበት ያለው ወጣት ሐኪም ዓይኖቿን አገላብጦ አየና ወንበሩን ወደሷ አስጠጋ።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ የነገሩኝን ሰምቻለሁ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያያል። ሞራው ነው።»

«ሞራ ቢሆን ዓይኔን ባዞርኩ ቁጥር አብሮኝ ይዞር የለም እንዴ ዶክተር? ይቺ ግን ዓይኔን ባዞርም ካለችበት ንቅንቅ አትልም። ደግሞ ያየኋት በቀኜ ነው፤ ሞራው ያለው ግራዬ ላይ።»

«ቀኙም ትንሽ ጀምሮታል።»

«ትንሽ የጀመረው ሞራ ጀንበር ስትጠልቅ ብቻ፣ ያውም ከቬነስ በስተቀኝ ብቻ ይመጣል?»

ዶክተሩ ፈገግ አለ፤ ለሕፃን እንደሚደረገው። «ሁለቱንም በአንድ ቀን እንሠራልዎታለን። በማግስቱ ሁሉን ነገር ጥርት ብሎ ያዩታል።»

«ተራ ሌንስ አላችሁ?»

«ተራ ማለት?»

«ያለውን ብቻ የሚያሳይ።»

«እሱ እኮ መሠራት ካቆመ ቆየ፣ እትዬ። ገበያ የለውም። ጭጋጋማ ቀን ጭጋጋማ ሆኖ ነው የሚታይበት። ማን ይፈልገዋል?»

ኤልዳና ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። ናሆም ደጅ ላይ ሲጠብቃት ፊቷን አየና መንገድ ጀመረ።

ወሬው ከነሱ ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። ቅዳሜ ዕለት የዕድሩ ሴቶች ብርቱካን ይዘው መጡና ሳሎን ሙሉ ተቀመጡ። «እግዜር ይማርሽ» አሏት። አንዷ አማቷ ከመሞቷ በፊት መላእክት ታይ እንደነበር አወጋች። ሌላዋ ቀስ ብላ ናሆምን «ምግብ ትበላለች?» ብላ ጠየቀችው፤ ኤልዳና እዚያው ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች። «እበላለሁ!» አለች ኤልዳና። ሴቶቹ በሐዘኔታ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

በማግስቱ ሹፌር በሌለው ሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርዳ ኮምቦልቻ ገባች። የምትፈልገው ሙዘሚልን ነበር። ሙዘሚል ድሮ መኪና መንዳት ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ ሰው መንዳት ሲተው ሥራውም አብሮ ቀረ። እሱና ኤልዳና በአንድ ወቅት የሰማይ ወዳጆች ማኅበር የሚባል ነበራቸው። ማኅበሩ ሲከስም፣ ሰዉ «ቤቴ ተኝቼ የበለጠ እያየሁ ለምን ብርድ ይመታኛል» ማለት ሲጀምር፣ ይበተን ብሎ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ሙዘሚል ነው። ኤልዳና ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም።

በሩን ከፍቶ ሲያያት ደነገጠ። «ኤልዳና! ታማለች ሲሉኝ ነበር።»

«ማን ነው ያለህ?»

«ሁሉም።»

«ዓይንህን አሠርተሃል?»

«ሰላምታ የለም እንዴ በአላህ?»

«አሠርተሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ዓይኔ ውስጥ መርፌ? ወላሂ ዕውር ሆኜ ብሞት ይሻለኛል።»

«ተመስገን። ያ የጥንት ካሜራህስ አለ? ከማንም ጋር የማይነጋገረው፣ የማያጸዳው?»

«አለ። ባትሪው አልፎ አልፎ ይሞታል እንጂ አለ።»

«እንግዲያው ያዘውና ተነሥ። ማኅበሩን በማፍረስህ የማኮርፍህን ተመልሰን ስንመጣ እቀጥላለሁ።»

ሙዘሚል እንደ ልማዱ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ፊቷን አየና ጃኬቱን ፍለጋ ገባ።

የዚያን ዕለት ምሽት ሦስቱም ቶሳ ላይ ነበሩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ኤልዳና መጀመሪያ ራሷ በባይኖኩላር አየችና አስረከበችው። «የት እንዳለች አልነግርህም። ምን እንደምትመስልም አልነግርህም። ፈልግ።»

ሙዘሚል ፈለገ። ቬነስን አገኘ፤ ከሷ ወደ ላይ ወጣ፤ ወደ ግራ ሄደ፤ ተመለሰ። አፍንጫውን ነፋሱ አቅልቶታል። ናሆም ከወንበሩ ተነስቶ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ይጠብቃል። ኤልዳና ደግሞ ከወዲያ ወዲህ ትላለች። ይሄም ሰው የለም ካለ፣ ነገ ሄዳ ሁለቱንም ዓይኗን ለዶክተሩ ልትሰጥ ለራሷ ምላለች። እስከ መቼ እብድ አይደለሁም እያሉ ይኖራል?

«ኤልዳና፣» አለ ሙዘሚል በመጨረሻ፣ ባይኖኩላሩን ሳያወርድ። ድምፁ ተለውጧል። «ከቬነስ በስተቀኝ፣ ዝቅ ብሎ… መስታወት ላይ እፍ ሲሉ የሚቀር ነገር አለ አይደል? እንደሱ ያለ ነገር። ወደ ላይ የሳሳች ጭራ አላት።»

ኤልዳና መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ ሲወርድ ራሷን ታዘበች፤ ከሐዘን ይልቅ ድካም ነበር። ናሆም ሮጦ መጥቶ ክንዷን ያዘ። ከዚያ ወደ ምዕራብ ተመለከተ፤ ዓይኑን አጠበበ፤ እንደገና ተመለከተ።

«ሁለት ሰው ካየ…» አለ። ቃሉን ሳይጨርስ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ሙዘሚል ካሜራውን ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አስሮ ደጋግሞ አነሳ። ባትሪው በመሃል ሞተና ብብቱ ሥር አሙቆ አስነሳው። ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሸንተረሩ ትንሽ ዘሟል፤ ቬነስ አብጣለች። ከሷ በስተቀኝ ግን ያቺ ግራጫ ትንፋሽ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

«እንዴት አስቀያሚ ናት!» አለ ሙዘሚል በኩራት።

«አቤት ስታስጠላ!» አለች ኤልዳና በደስታ።

ፎቶውን ለሰማይ መዝገብ ላኩት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «የምስሉ ምንጭ ያልተረጋገጠ ነው። ይዘቱ የፈጠራ ነው። ስለ ፈጠራ ችሎታዎ እናመሰግናለን።» ነገሩ በዚህም አላበቃም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤልዳና ለሰው የምትልከው ፎቶ ሁሉ ጥግ ላይ ቢጫ ምልክት ወጣበት። አዋሳ ላለችው እህቷ ለልደቷ የጋገረችውን ኬክ አንስታ ብትልክላት፣ ኬኩ ላይ «ፈጠራ ሊሆን ይችላል» የሚል ተለጥፎ ደረሰ። እህቷ ደውላ «ኬኩን እውነት ጋግረሽዋል?» አለቻት። ኤልዳና ስልኩን በዝግታ ዘጋችው። ቀስ ብላ ካልዘጋችው ግድግዳ ላይ ልትፈጠፍጠው እንደምትችል ታውቃለች።

ለኩባንያው ደወለች። ለመዝገቡ ደወለች። ሁለቱም ጋ ያቺው የወሎ ቅላጼ ያላት ድምፅ ናት የምታነሳው። «እናት ዓለም፣ ያልተረጋገጠ ካሜራ የሚያነሳው እውነት ላይሆን ይችላል።» «የናንተው ነው ያለውን የሚያጠፋው!» «ስሜትዎን እረዳለሁ፣ እናት ዓለም።» ኤልዳና በሕይወቷ እንደዚህ የሚረዳት አካል አጋጥሟት አያውቅም፤ እንደዚህም ተናዳ አታውቅም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልብስ ስታጥፍ ናሆም ከመታጠቢያ ቤት ፊቱ ላይ የመላጫ ሳሙና እንዳለ ሮጦ ወጣ።

«ኤልዱ! ኤልዱ! መዝገብ ላይ ወጣች! በመስኮቱ አየኋት!»

ወደ ጨረቃ የሚመላለስ አንድ የጭነት መርከብ አግኝቷት ነው። የመርከቡን ስም ሰጥተዋታል፤ «ካርጎ ዘጠኝ» ብለዋታል። መርከቡ የተረጋገጠ ካሜራ ስላለው ማንም ምንም አልጠየቀውም። በዚያው ሰዓት የሁሉም ሰው ካሜራ፣ የሁሉም ሰው ሌንስ አብሮ አወቃት።

ናሆም ሳሙናው እየደረቀበት ፊቷ ቆመ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ ባልሽ ሆኜ አላመንኩሽም። ልክ ነበርሽ። እንዴት ያለች ናት መሰለሽ! ጭራዋ ወርቅ ነው፣ ግማሽ ሰማይ ሸፍኗል።»

«ግማሽ ሰማይ?»

«ከጥግ እስከ ጥግ! ዳር ዳሩ ደግሞ ሰማያዊ ነው።»

ኤልዳና እጇ ላይ የነበረውን አንሶላ አስቀመጠች። ካሜራዋን ከፈተች። «መልካም ዜና! የቆዩ ፎቶዎችዎ ተሻሽለዋል» ይላል። አንድ በአንድ አየቻቸው። በሁሉም ላይ ከሸንተረሩ እስከ ፎቶው ጫፍ የተነሰነሰ የወርቅ ጭራ አለ። አንድ ቀን ዳመና ዘግቶባት ተናድዳ ዳመናውን ብቻ አንስታ ነበር፤ እዚያ ላይ እንኳ ዳመናው ተገፍፎ ጭራው ወጥቷል።

«ይቺ አይደለችም» አለች።

«እንዴት አይደለችም? ያንቺው ናት እኮ! ልክ ነበርሽ እያልኩሽ!»

እንዴት ብላ ትንገረው? ይቅርታ እየጠየቃት ነው፤ ከልቡ ነው፤ ይቅርታውን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። አሁን ይቅርታው የመጣው ግን አይታው ለማታውቀው ነገር ነው። «ፊትህን ታጠብ፣ ናሆም፣» አለችው፣ «ሳሙናው ደረቀብህ።»

የዕድሩ ሴቶች ደግመው መጡ፤ አሁን ሙዝ ይዘው። «እኛ እኮ ድሮም አምነንሽ ነበር» አሉ። ኤልዳና ይሄኛው ጉብኝት ከመጀመሪያው የባሰ አንገበገባት። ያኔ ቢያንስ አለማመናቸው እውነት ነበር።

እሷና ሙዘሚል ቶሳ መውጣቱን አልተዉም። ናሆምም አብሯቸው እየወጣ፣ ቀና ብሎ እጁን እያወናጨፈ «እንዴት ታምራለች!» ይላል። ሁለቱ ተራ በተራ በባይኖኩላሩ የሚያዩት ሌላ ነገር ነበር። ጅራታሟ ወደ ፀሐይ በተጠጋች ቁጥር መሃሏ ላይ የነበረችው ደማቅ ነጥብ መርዘም ጀመረች፤ ከዚያ ደበዘዘች፤ ከዚያ ለሁለት የተከፈለች መሰለች። አንድ ማክሰኞ ምሽት ሙዘሚል ለረጅም ጊዜ ፈልጎ ባይኖኩላሩን አወረደ።

«ኢና ሊላሂ፣» አለ። «ተሰባብራ አልቃለች።»

ኤልዳና ተቀብላ አየች። ቀዝቃዛ፣ ባዶ ሰማይ። ከጎናቸው ናሆም በወርቁ ጭራ እየተደነቀ ነው። የዚያን ዕለት አንዳቸውም አልነገሩትም። እንዴት ተብሎ ይነገራል?

ጠዋት ግን ልማድ ሆኖባት ደወለች። «ጅራታሟ ፈርሳለች። ከመዝገባችሁ አውጧት።»

«ካርጎ ዘጠኝ እስከ ግንቦት ትታያለች፣ እናት ዓለም። በጣም ተወዳጅ ናት።»

«የለችም እያልኩሽ!»

«ዓይንዎን በቅርቡ ተመርምረዋል?»

በዚያው ሳምንት ከቤቷ ደረጃ ላይ በግራ በኩል የነበረውን የመጨረሻውን እርከን ሳታየው ስታ ወደቀች። ክንዷ ከመላላጡ በቀር አልተጎዳችም፤ ናሆም ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር ያነሳት። ማታ ከጎኗ ተቀምጦ የተላላጠ ክንዷን ጠረገላት። በመጨረሻ «እባክሽ» ብቻ አላት። ሌላ ነገር ቢል ትከራከረው ነበር።

ዶክተር ሚልክያስ ጋ ሄደች። «ግራውን ሥሩልኝ። ግራው ለእናንተ ይሁን። ቀኙን ግን ማንም አይነካውም።»

«እትዬ፣ አንዱን ብቻ ከሠራን ሁለቱ ዓይኖችዎ አይስማሙም።»

«እኔና ባለቤቴም አንስማማም፤ አብረን ስንኖር ግን ይኸው አርጅተናል።»

ሐኪሙ ናሆምን አየ። ናሆም ትከሻውን ነቀነቀ። «እንዳለችው አድርጉላት።»

የግራ ዓይኗ ፋሻ በተፈታ ማግስት ከተማው የጅራታም ኮከብ ምሽት ብሎ ሰዉን ሁሉ ቶሳ ላይ ጠራ። ሕዝቡ ከፒያሳም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም ወጣ። ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፤ አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቅለዋል፤ ሙሽሮች ወርቁ ከጀርባቸው እንዲገባ ተደርድረው ይነሳሉ። ሙዘሚል ትርምሱን ጠልቶ አልመጣም።

ኤልዳና የናሆምን ክንድ ይዛ አንድ ጥግ ቆመች። ጀንበር ገባች። በመጀመሪያ ቀኝ ዓይኗን ጨፍና በአዲሱ ግራ ዓይኗ ወደ ምዕራብ ቀና አለች።

«አምላኬ!» አለች ሳታስበው።

ከሸንተረሩ የተነሳው ወርቅ ሰማዩን ሰንጥቆ ወደ ላይ ይወጣል። ዳር ዳሩ እውነትም ሰማያዊ ነው። ናሆም ያን ዕለት በሳሙና ፊቱ ለምን እንደሮጠ ገባት። ማንም ቢሆን ይሮጣል። ንዴቷ አልጠፋም፤ እሱ ላይ የነበረው ብቻ ላላ አለ። አይቶ ነው ያለቀሰው እንግዲህ። ያሳዩትን አይቶ።

ከዚያ ግራዋን ጨፈነችና ባይኖኩላሩን ወደ ቀኝ ዓይኗ አነሳች። ቬነስ አለች። የቀረው ባዶ ነው።

«አሁንስ ታየችሽ አይደል?» አለ ናሆም በጆሮዋ፣ ጩኸቱን ለማሸነፍ ተጠግቶ። ድምፁ ውስጥ ጉጉት አለ፤ ትንሽም ልመና አለ። አዎ ብትለው ግማሽ ውሸት ብቻ ነው የሚሆነው። ምሽቱ በሰላም ያልፋል፤ ተያይዘው ይወርዳሉ።

«በግራዬ ታየችኝ፣» አለችው። «እውነትህን ነው፣ ታምራለች። በቀኜ ግን የለችም። ናሆም፣ ያቺ ኮከብ ተሰባብራ አልቃለች። የለችም።»

ዙሪያቸውን ሰው ያፏጫል። ኤልዳና ትከሻዋን አጠንክራ የሚመጣውን ጠበቀች። ዶክተሩ ምን አለሽ ሊላት ነው። ቀኙንም ብታሠሪው ሊላት ነው። ወይም እሺ፣ እሺ ብሎ ቆሎ ሊዘረጋላት ነው።

ናሆም ሰማዩን አየ። ዓይኖቹ ላይ ወርቁ እያበራ እንደሆነ ታውቃለች። ከዚያ ወደሷ ዞረ።

«መቼ?» አለ።

ኤልዳና በደንብ የሰማችው አልመሰላትም። «ምን አልክ?»

«መቼ ነው ያለቀችው?»

«ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ። ከሙዘሚል ጋር ነው ያየነው።»

«እኔስ የት ነበርኩ?»

«እዚሁ ከጎናችን። እንዴት ታምራለች እያልክ።»

ናሆም ራሱን ነቀነቀ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ከኋላቸው የነበሩ ሰዎች እየተጋፉ አለፉ፤ አንዲት ሴት «አባባ፣ ወደዚያ ነው የሚታየው!» ብላ እጇን ወደ ሰማይ ቀሰረችለት። እሱ ግን ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፈነ፤ አጥብቆ ጨፈነ፤ ከዚያም መዳፎቹን ደረበባቸው።

«ዓይኔን ካልጨፈንኩ የኔዋን ማጥፋት አልችልም፣» አለ ከመዳፎቹ ሥር። «ንገሪኝ እስቲ። ያንቺዋ ምን ትመስል ነበር?»

ኤልዳና መዳፎቹን አየች። ነገሩ ሊያስቃት ይሁን ሊያስለቅሳት አላወቀችም። ስትናገር ድምጿ ውስጥ ያ የሰነበተው ምሬት አሁንም ነበር።

«መጀመሪያ ነገር፣» አለችው፣ «ወርቃማ አልነበረችም።»